ሁለት ቤቶችን በአንድ መረብ ስለ ማገናኘት

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ልነግራችሁ የተነሣሁበት ጉዳይ፣ በተለያየ ሰፈር የሚኖሩ ሁለት ቤተ ሰቦች በየቤታቸው ያለውን የኮምፒውተር መረብ፣ በልማድ ኔትወርክ የሚባለውን፣ አገናኝተው በአንዱ ቤት የሚገኘውን አገልግሎት በሌላውም ቤት ሊጠቀሙበት የሚችሉበት መንገድ ነው። ነገሩ ሲሰሙት የባለሙያ ሥራ ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የጻፈና መዝገብ የያዘ ሰው ሁሉ መሠረቱን ያውቀዋል፤ የጐደለው ስሙን መልመድ ነው። በንግግሬ ውስጥ አንዳንድ ቁጥሮች ይገኛሉ፤ ለጆሮ ቢከብዱም ከጋዜጣ ላይ ቀስ ብሎ ማንበብ ይቻላል። የምጠቅሳቸውም ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩ በምሳሌ እንዲገለጥ፣ ታላቅ ወንድም በጉለሌ፣ ታናሽ እኅቱ በቃሊቲ ይኖራሉ እንበል። ወላጆቻቸው ዐርፈዋል። ከወላጆቻቸው የተረፈው ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤ፣ የቤት ካርታና የልደት ምስክር ወረቀት ሁሉ በስካነር ተነሥቶ በወንድም ቤት ባለ አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል። ያ ኮምፒውተር ቢሰረቅ፣ ቤቱ ቢቃጠል ወይም ዲስኩ ቢበላሽ የቤተ ሰቡ ትዝታ አብሮ ይጠፋል። ግልባጭ የሌለው መዝገብ እንደ ሌለ የሚቈጠር መሆኑን የመዝገብ ቤት ሰው ያውቃል። ግልባጩም ከዋናው ጋር በአንድ ቁም ሣጥን ከተቀመጠ እሳት ሁለቱን ባንድ ጊዜ ይወስዳቸዋል። ስለዚህ የሙያው ሰዎች አንድ ደንብ አላቸው፤ ይኸውም ሦስት ቅጂ ይኑር፣ ቅጂዎቹ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጡ፣ ከሦስቱም አንዱ በሌላ ስፍራ ይሁን የሚል ነው። እንግዲህ ለጉለሌው ቤት «ሌላ ስፍራ» የሚሆነው የቃሊቲው ቤት ነው፤ ለቃሊቲውም ቤት የጉለሌው። ሁለቱ ቤቶች መረባቸውን ቢያገናኙ የየአንዳንዳቸው ግልባጭ በሌላው ቤት ሌሊት ሌሊት ራሱ ሊጻፍ ይችላል። ከዚህም ሌላ እኅት የአባቷን ፎቶግራፍ በቤቷ ቁጭ ብላ ማየት፣ ልጆቿም በአጐታቸው ቤት የተጠራቀመውን የትምህርት መጽሐፍ ማንበብ ይችላሉ።

ይህ እንዴት ይደረጋል? መጀመሪያ የሚነሣው የአድራሻ ጉዳይ ነው።

በአዲስ አበባ አንድ ሚኒስቴር ብዙ መቶ ሠራተኞች ቢኖሩትም ለውጭ ሰው የሚታወቀው በአንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። በውስጡ ግን እያንዳንዱ ክፍል የራሱ የቢሮ ቁጥር አለው። ወጪውንና ገቢውን ደብዳቤ የሚያሳልፈው መዝገብ ቤቱ ነው። የቤት መረብም እንዲሁ ነው። ራውተር የምንለው ትንሽ ዕቃ የቤቱ መዝገብ ቤት ነው። ስልኩ፣ ኮምፒውተሩና ቴሌቪዥኑ እያንዳንዳቸው የውስጥ ቁጥር ሲኖራቸው፣ ወደ ውጭ የሚወጡት ግን በራውተሩ አንድ ቁጥር ነው። ራውተሩ ወጪውን ሁሉ ይመዘግባል፤ መልስ ሲመጣ መዝገቡን አይቶ ለጠየቀው ዕቃ ያደርሳል። ማንም ሳይጠይቅ ከውጭ የመጣ ደብዳቤ ግን ለየትኛው ክፍል እንደሚመራ ስለማይታወቅ ከበር ይቀራል።

ይህ አሠራር የተፈጠረው በቁጥር እጥረት ምክንያት ነው። ኢንተርኔት ሲዘረጋ የተመረጠው የአድራሻ ዓይነት ከ4 ቢሊዮን 294 ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጡ ቁጥሮች ብቻ ነበሩት፤ የማዕከሉም ክምችት በየካቲት ወር 2011 ተሟጦ አለቀ። አስቀድሞ በ1996 ግን ማንኛውም ቤት ወይም መሥሪያ ቤት ሳያስፈቅድ በውስጡ የሚጠቀምባቸው ሦስት የቁጥር ክልሎች ተለይተው ነበር። እነርሱም በ10 የሚጀምሩት ሁሉ፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉትና በ192.168 የሚጀምሩት ናቸው። የራውተር ሠሪዎች በብዛት የመረጡት የመጨረሻውን ነው። በዚህም ምክንያት በጉለሌም ሆነ በቃሊቲ ቤት ብንገባ ዕቃዎቹ በአብዛኛው 192.168.1 በሚለው ወይም እርሱን በመሰለ ቁጥር ሲጠሩ እናገኛቸዋለን።

ሁለቱ ቤቶች ተለያይተው እስከ ኖሩ ድረስ ይህ መመሳሰል ጉዳት የለውም። በሁለት ሚኒስቴሮች ውስጥ ቢሮ ቁጥር 12 መኖሩ ማንንም አያሳስትም። ሁለቱ ሚኒስቴሮች በአንድ ግቢ ሲጠቃለሉ ግን «ይህን ለቢሮ ቁጥር 12 አድርስ» የተባለው ተላላኪ ግራ ይጋባል። በመረብ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። የእኅት ኮምፒውተር በወንድም ቤት ያለውን 192.168.1.10 ሲፈልግ፣ ቁጥሩ ከራሱ ቤት ቁጥር ጋር አንድ ስለ ሆነ በዚያው በቤቱ ውስጥ ይጣራል እንጂ ደብዳቤውን ለራውተሩ አይሰጠውም፤ ስለዚህ ደብዳቤው ከቃሊቲ ንቅንቅ አይልም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከመገናኘት በፊት ሁለቱ ቤቶች ቁጥር ይከፋፈላሉ፤ ለምሳሌ ጉለሌ 10.41.1፣ ቃሊቲ 10.41.2 ይሆናል፤ 10.41.3 ደግሞ ምናልባት ነገ ለሚጨመር ሦስተኛ ቤት ይቀመጣል። ይህን በአንድ ወረቀት ጽፎ መያዝ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ሳይጽፉ ቀርቶ በኋላ ማረም ግን ብዙ ቀን ያደክማል።

ሁለተኛው ነገር መንገዱ ነው። ሁለቱ ቤቶች ጐረቤት ቢሆኑ ገመድ ወይም የሽቦ አልባ አንቴና ይበቃቸው ነበር። ከጉለሌ እስከ ቃሊቲ ግን የራስን ገመድ መዘርጋት ስለማይቻል፣ የሚኬደው ሁሉም ሰው በሚጠቀምበት በኢንተርኔት ላይ ነው። በአደባባይ መንገድ የሚሄድ የቤተ ሰብ ምስጢር ደግሞ መታሸግ ይኖርበታል። የሚደረገውም ይህ ነው፤ የጉለሌው ራውተር ለቃሊቲ የሚሄደውን ደብዳቤ በውስጥ አድራሻው እንዳለ በምስጢር ጽሕፈት ለውጦ በሌላ ትልቅ ፖስታ ያሽገዋል፤ በላዩም የሁለቱን ራውተሮች የውጭ ቁጥር ብቻ ይጽፍበታል። በመንገድ ያለው ፖስተኛ የሚያየው ከማን ወደ ማን እንደሚሄድና ምን ያህል እንደሚከብድ ነው፤ በውስጡ ያለውን አያነበውም። ፖስታው ቃሊቲ ሲደርስ ይከፈትና የውስጡ ደብዳቤ ለባለቤቱ ይሰጣል። ይህን የመሰለው መንገድ ቪ.ፒ.ኤን. ይባላል።

ለዚህ ሥራ ካሉት ፕሮግራሞች መካከል ከ2001 ጀምሮ የታወቀው ኦፕን ቪ.ፒ.ኤን. አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣውና በመጋቢት ወር 2020 ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት እምብርት ውስጥ የተጨመረው ዋየርጋርድ ደግሞ አጭርና ፈጣን ስለ ሆነ ዛሬ ብዙ ሰዎች ይመርጡታል። በዋየርጋርድ እያንዳንዱ ቤት ሁለት ቁልፎች ያበጃል። አንደኛው የምስጢር ሲሆን ከቤት አይወጣም። ሁለተኛው ለሌላው ቤት የሚሰጥ ነው። ተከፍቶ እንደ ተላከ ጓጉንቸር አስቡት፤ ማንም ሊቈልፍበት ይችላል፣ የሚከፍተው ግን የምስጢር ቁልፍ የያዘው ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ለየራውተሩ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ለጉለሌው «ለ10.41.2 የሚሄደውን ሁሉ በዚህ መንገድ ላክ»፣ ለቃሊቲው «ለ10.41.1 የሚሄደውን ሁሉ በዚህ መንገድ ላክ» ይባላል። በዚህ ስፍራ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ለአንደኛው ተናግሮ ለሌላው ሳይናገር መቅረት ነው። ያን ጊዜ ደብዳቤው በደኅና ይደርሳል፤ መልሱ ግን የሚመለስበትን ስለማያውቅ ይጠፋል። ሰውየውም ጉድለቱን በመላኪያው በኩል ሲፈልግ ይውላል።

ሦስተኛው ችግር ከቤቶቹ ውጭ ያለ ነው። ቁጥር ስላነሰ ብዙ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎች አንዱን የውጭ ቁጥር ለብዙ ደንበኞች ያካፍላሉ። ይህ ማለት የፖስታ ሣጥኑ ራሱ የእናንተ ሳይሆን እናንተን ጨምሮ የብዙ መሥሪያ ቤቶች ነው ማለት ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ደብዳቤ እናንተ ዘንድ ለመድረስ አይችልም። ራውተራችሁ የውጭ ቁጥሬ ነው ብሎ የሚያሳያችሁ በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ እንዲህ ባለው ስፍራ እንደምትገኙ ዕወቁ። ከሁለቱ ቤቶች አንዱ እንኳ የራሱ የውጭ ቁጥር ካለው ችግሩ ይቃለላል፤ የሌለው ቤት ቀድሞ ይጠራል፣ ያለው ይመልሳል። የጠሪው ራውተር መዝገቡን እንዳይሰርዘውም በየ25 ሰከንዱ አንዲት አነስተኛ መልእክት ይላካል። ሁለቱም የራሳቸው ቁጥር ከሌላቸው ግን በሌላ ስፍራ የውጭ ቁጥር ያለው አነስተኛ ኮምፒውተር ተከራይተው በዚያ ይገናኛሉ። የተከራዩት ኮምፒውተር ግን ትልቁ ፖስታ የሚከፈትበት ስፍራ ስለሚሆን፣ ግልባጮቹ ከቤት ከመውጣታቸው በፊት በሌላ ቁልፍ ቢዘጉ ይመረጣል።

አራተኛው የፍጥነት ነገር ነው። የቤት ኢንተርኔት ብዙውን ጊዜ ሲያመጣ ፈጣን፣ ሲልክ ዘገምተኛ ነው። ወንድም 200 ጊጋባይት ፎቶግራፍ ቢኖረውና የመላኪያው ፍጥነት በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢሆን፣ አንድም ጊዜ ሳይቋረጥ ቢልክ ከ9 ቀን በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ግልባጭ በዲስክ ተጽፎ፣ በእጅ ተይዞ፣ በታክሲ ወደ ቃሊቲ ቢሄድ ይሻላል። ከዚያ ወዲያ በመረቡ የሚላከው በየቀኑ የተጨመረውና የተለወጠው ብቻ ስለ ሆነ ለአንድ ሌሊት አይከብድም።

የመብራትም ነገር አይዘንጋ። በአንዱ ቤት መብራት ሲጠፋ በዚያ ቤት ያለው አገልግሎት ለሁለቱም ይቋረጣል። ግልባጭ አንድ ሌሊት ቢዘገይ ጉዳት የለውም። ነገር ግን የኢንተርኔት ስሞችን ወደ ቁጥር የሚለውጠውን አገልግሎት የቃሊቲው ቤት ከጉለሌ ብቻ እንዲያገኝ ቢደረግ፣ ጉለሌ በጨለመ ጊዜ የቃሊቲ ኢንተርኔት ራሱ እንደ ሞተ ይሆናል። በየደቂቃው የሚያስፈልገው አገልግሎት በየቤቱ ይቅር፤ ቢዘገይ የሚታገሡት ብቻ ይጋራ።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር ደርሰናል። መረቡ ከተገናኘ በኋላ ምን ይከፈት? ምንስ ይዘጋ? ብዙ ሰው ደስ ብሎት ሁሉንም ይከፍታል። ይህ ሁለት ግቢዎች በአንዲት በር ይገናኙ ሲባል አጥሩን በሙሉ ማፍረስ ነው።

በግንቦት 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የተባለው ጐጂ ፕሮግራም ተነሥቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ተሠራጨ፤ በእንግሊዝ አገር የሆስፒታሎችን ሥራ አሰናከለ። ይህ ፕሮግራም ወደ ኮምፒውተር ይገባ የነበረው በዊንዶውስ መረብ ፋይል ለመጋራት በሚያገለግለው በር ነው። አንድ ኮምፒውተር ከያዘ በኋላ በመረቡ ላይ ያሉትን ባልንጀሮቹን እየፈለገ ራሱ ይተላለፍ ነበር፤ በያዘውም ኮምፒውተር ያሉትን ፋይሎች በምስጢር ጽሕፈት ዘግቶ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። ማረሚያው ከሁለት ወር በፊት በመጋቢት ወር ወጥቶ ነበርና ኮምፒውተራቸውን ያደሱ ሰዎች ዳኑ። ከዚህ የምንማረው ለጉዳያችን የቀረበ ነው፤ ሁለት ቤቶች አጥራቸውን አፍርሰው ሲገናኙ የአንዱ ቤት በሽታ ለሌላው ይተርፋል። የታሸገውም ፖስታ ከዚህ አያድንም፤ እሽጉ በመንገድ ካለ ሌባ ይጠብቃል እንጂ በውስጡ የተጫነውን በሽታ አይመረምርም።

ስለዚህ የየቤቱ ራውተር እንደ ዘበኛ ይታዘዝ። ከቃሊቲ የሚመጣ ሁሉ የጉለሌን ግልባጭ ማስቀመጫ ብቻ ያግኝ፤ የመኝታ ቤቱን ኮምፒውተር፣ የልጆቹን ስልክ፣ የግቢውን ካሜራ አያግኝ። ግልባጩም ትናንት የተጻፈውን ዛሬ እንዲያጠፋ አይፈቀድለት፤ የቀድሞዎቹ ቅጂዎች ለተወሰኑ ሳምንታት እንዲቈዩ ይደረግ። በአንዱ ቤት የተደረገውን ለውጥ ሁሉ ወዲያውኑ በሌላው የሚደግም አሠራር ግልባጭ አይባልም። ወንድም ባለማወቅ አንድ ማኅደር ቢሰርዝ፣ በቃሊቲም በዚያው ቅጽበት ይሰረዛልና።

ከሁለት ቤት አልፎ ለብዙ ቤቶች መገናኘት የሚቻል ስለ መሆኑ በዓለም ምሳሌዎች አሉ። በስፔን አገር በካታሎኒያ የኦሶና ገጠር ነዋሪዎች፣ የንግድ ድርጅቶች ፈጣን መስመር ወደ እነርሱ ባለማምጣታቸው በ2004 ቤታቸውን በሽቦ አልባ አንቴና ማገናኘት ጀመሩ። ይህ ጉይፊ የተባለው መረብ በኋላ በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ መገናኛዎች ያሉት ሆነ። እንዲህ ሊያድግ ከቻለበት ምክንያት አንዱ፣ የሚገባ ሰው ሁሉ የሚቀበለው የጽሑፍ ውል መኖሩ ነው፤ ማንም ሊጠቀምበትና ሊያስፋፋው ይችላል፣ አሠራሩንም ማወቅ መብቱ ነው፣ የሌላውን አጠቃቀም ግን ማወክ አይችልም።

በኩባ ዋና ከተማ በሃቫና ደግሞ ወጣቶች ቤት ለቤት ገመድና አንቴና ዘርግተው ኤስኔት የተባለ ታላቅ መረብ ሠርተው ነበር። ከኢንተርኔት ጋር ያልተገናኘ ሆኖ ሳለ ብዙ ሺሕ ቤተ ሰቦች ጨዋታ፣ ውይይትና ፋይል ይጋሩበት ነበር። የራሱ አስተዳዳሪዎችና ጥብቅ ደንብ ነበረው፤ በሕግ የታወቀ ግን አልነበረም። በ2019 መንግሥት የሽቦ አልባውን መሣሪያ ኃይል የሚወስን፣ መንገድ አቋርጦ የሚያልፍ ገመድም የሚከለክል ደንብ ሲያወጣ መረቡ በቀድሞ መልኩ ሊቀጥል ሳይችል ቀርቶ ወደ መንግሥት የወጣቶች ኮምፒውተር ክበቦች ተዛወረ። በአገራችንም የኮሙኒኬሽን አገልግሎት በእኛ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 ይመራል። የቤተ ሰብን ፎቶግራፍ በገዛ ኮምፒውተር መጋራት ሌላ፣ የኢንተርኔትን መስመር ለጐረቤት መሸጥ ሌላ መሆኑን ማስተዋል ያሻል፤ ሁለተኛውን የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ከሚመለከተው ባለ ሥልጣን ይጠይቅ።

ቤቶች በበዙ ቍጥር ሥራው እንዴት እንደሚበዛም ልብ በሉ። ሁለት ቤቶች በአንድ መንገድ ይገናኛሉ፤ አምስት ቤቶች እርስ በርሳቸው ቀጥታ ይገናኙ ቢባል 10 መንገድ፣ አሥር ቤቶች ቢሆኑ 45 መንገድ ያስፈልጋቸዋል። መንገዱም ሁሉ ጠባቂ ይሻል።

ክቡራንና ክቡራት አድማጮች፤ ዕድር ያለው ሰው ሁሉ ይህን ጉዳይ ያውቀዋል። ዕድር የሚጸናው በድንኳኑና በወንበሩ ብቻ አይደለም፤ መተዳደሪያ ደንብ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ስላለው ነው። ወንድምና እኅትም ቢሆኑ ዕቃውን ከመግዛታቸው በፊት አንድ ገጽ ይጻፉ። ምን እንጋራለን? የየቤታችን ቁጥር ምንድር ነው? ሲበላሽ ማን ያያል? ዲስክ ሲሞላ ማን ይገዛል? ግልባጩ በእርግጥ የሚከፈት መሆኑን በየስንት ጊዜው እንፈትናለን? ያልተፈተነ ግልባጭ በጭንቅ ቀን ባዶ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነውና ይህ የመጨረሻው ጥያቄ አይታለፍ። ደግሞም አንዱ ቤት መለየት ቢፈልግ እንዴት እንደሚሆን ይጻፍ፤ በዋየርጋርድ የተለየውን ቤት ቁልፍ ከመዝገብ መሰረዝ ይበቃል፣ ግልባጩ ግን ለባለቤቱ ተመልሶ ከሌላው ቤት መጥፋት አለበት።

ይህን ሁሉ ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ዛሬ ማታ ከእኅታችሁ ወይም ከወንድማችሁ ጋር ተነጋግራችሁ፣ የማይተካው የቤተ ሰብ ሰነድ የትኛው እንደ ሆነ ዘርዝሩ፤ ስንት ቅጂ እንዳለውና የት እንደ ተቀመጠም ከጐኑ ጻፉ። ከዝርዝሩ ብዙው በአንድ ቤት፣ በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ሆኖ ካገኛችሁት፣ ሁለቱን ቤቶች ለማገናኘት ምክንያቱ በእጃችሁ ገብቷል ማለት ነው።